በሐዋሳ የተገኘ የፈረሰኛ ውጅግራ፦ የአንድ ቤተሰብ ጠመንጃ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

የጠመንጃው ባለቤቶች በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖሩ አራት ወንድምና እህት ናቸው። አባታቸው ጡረተኛ ወታደር ነበሩ፤ ከተማዋ በ1950ዎቹ ስትቆረቆር ከሰሜን ሸዋ መጥተው ሰፈሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ሲታደስ ከኮርኒሱ በላይ በአሮጌ ጋቢና በፍየል ቆዳ የተጠቀለለ አጭር ጠመንጃ ተገኘ። ከጎኑ በፕላስቲክ የታሸገ፣ በአባትየው ስም የወጣ የድሮ የመሣሪያ ፈቃድ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ «ውጅግራ» ይላል፤ አንድ ቁጥርም ተጽፎበታል።

ልጆቹ አልተስማሙም። ትልቁ ወንድም ዕቃው ከቤት እንዳይወጣ ፈለገ። ሁለቱ ተሽጦ ገንዘቡ እንዲካፈል ጠየቁ። አንድ ደላላ ደግሞ «ከአድዋ የተማረከ የጣልያን ጠመንጃ ነው፤ ፈረንጅ ይገዛዋል፤ ግን አሳምራችሁ አምጡት» ብሏቸው ነበር። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ብዙ ጥፋት አስከተለች።

ዕቃው ምንድን ነው

ውጅግራ የምንለው የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ በመኮንኑ ባዚል ግራ ስም የሚጠራው ጠመንጃ ነው። ካዝና የለውም። መቀርቀሪያው ይከፈታል፣ አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኮሳል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ እንደገና ይጎርሳል። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን 25 ግራም ገደማ የሚመዝን እርሳስና 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ይይዛል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል ወደሚባለው አዲስ ጠመንጃ ስትዞር የተረፈው ውጅግራ በነጋዴዎች እጅ ወደ ብዙ አገር ተበተነ። ወደ እኛም በብዛት ገባ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፉት የኢትዮጵያ ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነው።

በአገራችን ሰው እጅ የቀረው አብዛኛው ረጅሙ የእግረኛ ውጅግራ ነው፤ ርዝመቱ 130.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የፈረሰኛው ካራቢን፣ ማለት አጭሩ ጠመንጃ፣ 117.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በርሜሉ 70፣ ክብደቱ 3.5 ኪሎ ገደማ። ከዚህም የሚያጥር 99 ሴንቲ ሜትር የመድፈኛ ጠመንጃ አለ። የፈረሰኛው መለያዎች ጥቂት ቢሆኑም ግልጽ ናቸው። የመቀርቀሪያው እጀታ ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ጠመንጃው በጀርባ ሲነገት ቀጥ ያለ እጀታ ልብስና ልጓም ይይዛልና። ሳንጃ የሚያያዝበት ጉጥ የለውም። በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ቀለበቶችና የቃታው መከለያ ናስ ናቸው።

ሰብሳቢዎች ይህን ዓይነቱን የሚፈልጉት ከእግረኛው በጣም ባነሰ ቁጥር ስለ ተሠራና ከተሠራውም ሳይቆረጥና ሳይቀየር የደረሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። በፈረስ ላይ የሚያገለግል ጠመንጃ ይጋጫል፣ ይረጥባል፣ ይወድቃል። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ከሌላ ይተካል፤ መቀርቀሪያው ሲሰበር ከረጅሙ ይወሰዳል። በሌላ በኩል ረጅሙን ቆርጦ አጭር ማድረግ በየቦታው የተለመደ ነበር። ስለዚህ በሐዋሳው ጠመንጃ ላይ የመጀመሪያው ቁም ነገር ዋጋው አልነበረም። ፋብሪካ የሠራው የፈረሰኛ ጠመንጃ ነው ወይስ ተቆርጦ ያጠረ የእግረኛ? ይህ ሳይመለስ የሚጠራ ዋጋ ሁሉ ግምት ነው።

ከምርመራው በፊት የጠፋው

ደላላው «አሳምሩት» ካለ በኋላ ከልጅ ልጆቹ አንዱ ጠመንጃውን ወስዶ ለሁለት ቅዳሜና እሑድ ሠራበት። የናሱን ቀለበቶች በሎሚና በአመድ ፈትጎ አበራቸው። የሰደፉን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ፋቀና ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባው። የዛገው መቀርቀሪያ አልከፈት ሲለው ናፍጣ አፍስሶበት በላስቲክ መዶሻ ደበደበው።

ናሱ ላይ የደረሰው ከሌላው ይቀላል። ሎሚ አሲድ ነው፤ አመድ ደግሞ ይሞርዳል። ሁለቱ ሲደባለቁ በመቶ ዓመት የተፈጠረውን ቡናማ ገጽ ይልጡታል፣ ትንንሽ የፍተሻ ማኅተሞችንም ያደበዝዛሉ። ናስ ግን ከጊዜ ጋር መልሶ ይጠቁራል። የሰደፉ ጉዳት አይመለስም። በእነዚህ ጠመንጃዎች ሰደፍ ቀኝ ጎን ላይ የፋብሪካው ክብ ማኅተም በእንጨቱ ውስጥ ታትሞ ይገኛል፤ እንጨቱ የዚያው ጠመንጃ ለመሆኑ ከዋናዎቹ ማስረጃዎች አንዱ እሱ ነው። ጥልቀቱ ከወፍራም ወረቀት አይበልጥም። ብርጭቆ ወረቀቱ ከላዩ ሲያልፍ ፊደሎቹ ሄዱ።

በመዶሻ የተደበደበው መቀርቀሪያ ግን ሰው ሊገድል ይችል ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ትልቁ ወንድም ጠመንጃውን መልሶ ሲወስድ መጀመሪያ ያደረገው፣ ማንም እንዳይነካው በጠረጴዛ ላይ አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማስቀመጥ ነበር። ጉዳዩን እንዲያይ የተጠራው ባለሙያ ደግሞ ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ጎርሶ እንደሆነ አረጋገጠ። መቀርቀሪያው የማይከፈት በመሆኑ በዓይን ማየት አልተቻለም። መንገዱ መለካት ነው። ቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ብረት ያልሆነ፣ በአፈሙዙ በኩል ሳይገፋ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ይለቀቃል። የቆመበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ዘንጉ ወጥቶ ከበርሜሉ ውጪ በኩል ይለካል። ባዶ ጠመንጃ ላይ ዘንጉ እስከ መቀርቀሪያው ፊት ድረስ፣ ማለት 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ መግባት ነበረበት። የቆመው 62 ተኩል ላይ ነው። የጎደለው ሰባት ተኩል ሴንቲ ሜትር የሙሉ የውጅግራ ጥይት ርዝመት ነው ለማለት ይቀርባል፤ ጥይቱ 7.6 ገደማ ነውና። ባዶ ቀለህ ቢሆን ዘንጉ በአፉ ገብቶ እስከ ቂጡ ይደርስ ነበር።

እዚህ ላይ የቤት ውስጥ ሥራ ቆመ። ለፖሊስ ተነገረ፤ የመሣሪያ ባለሙያ መጥቶ ጠመንጃውን ወሰደ፤ ጥይቱ በእነሱ እጅ ወጣ። ያልተተኮሰ ነበር። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ዕድሜ አያበላሸውም፤ መቶ ዓመት አልፎም ይነድዳል። የመምቻው ጫፍ በጥይቱ ካፕሱል ላይ ተጭኖ ሊሆን በሚችልበት ሁኔታ መቀርቀሪያን በመዶሻ መምታት ምን ማለት እንደሆነ ለቤተሰቡ መግለጽ አላስፈለገም።

ሁለተኛው እርምጃ ሕጋዊው ነበር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ማስተላለፍንም ይከለክላል። የአባት ፈቃድ ለልጅ በራሱ አይተላለፍም። ቤተሰቡ በራሱ ፈቃድ ማመልከቱና የድሮውን ወረቀት አብሮ ማቅረቡ ነገሩን አቀለለው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ጠመንጃው በፖሊስ እጅ ቆየ፤ ወራት ወስዷል። ለምርመራ ሲፈለግ እዚያው፣ ጠባቂው ባለበት ታየ።

ፋብሪካ ወይስ ቆረጣ

ምርመራው የተሠራው በቴፕ ሜትር፣ በካሊፐር፣ በማግኔት፣ በእጅ ባትሪ፣ በስስ ወረቀትና በእርሳስ ነው። ሌላ መሣሪያ አላስፈለገም።

መጀመሪያ በርሜሉ። የእግረኛው በርሜል 82 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ አፈሙዙ እየቀጠነ ይሄዳል። 12 ሴንቲ ሜትር ቢቆረጥለት አዲሱ አፈሙዝ ወፍራም ይሆናል፤ የፊት ማነጣጠሪያውም እንደገና መበየድ አለበት። በዚህኛው ላይ ውፍረቱ በወጥነት ቀጥኗል፤ ከማነጣጠሪያው ግርጌ የብየዳ ቅሪት የለም፤ የአፈሙዙ ጠርዝ በማሽን የተሠራ ክብ ነው፣ የመጋዝ ጭረት አይታይበትም። የሳንጃ ጉጥ ተነቅሎ ቢሆን ብረቱ ላይ የሞረድ ሜዳ ይቀር ነበር፤ ባትሪው በአግድም ሲበራበት ምንም አልታየም።

ቀጥሎ ጽሑፉ። ከመቀርቀሪያው ቤት በግራ በኩል የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ስምና «ሞዴል 1874» ተቀርጿል፤ ከአጠገቡም «ኤም 80» የሚል ምልክት አለ። ምልክቱ ጋዝ ወደ ጎን የሚያስወጣ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1880 ከወጣው ማሻሻያ በኋላ እንደ ተፈለፈለ ያሳያል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል፦ ጠመንጃው ቢያንስ እስከዚያ ዓመት በፈረንሳይ ጦር እጅ ነበር፤ ወደ አገራችን የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከሻስፖ፣ ማለት ከቀድሞው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ወደ ውጅግራ የተቀየሩት «1866-74» የሚል ጽሑፍ አላቸው፤ የጥይት ማጉረሻቸውም ውስጥ የገባው ቱቦ ጠርዝ እንደ ስስ ቀለበት ይታያል። ይኼኛው ሁለቱም የለውም።

እስከዚህ ድረስ መልሱ አስደሳች ነበር። መቀርቀሪያው ላይ ሲደረስ ነገሩ ተለወጠ። እጀታው የታጠፈ ነው፤ ግን አጠፋፉ ልክ አይደለም። ፋብሪካ ያጠፈው እጀታ ወደ ታች ሲወርድ ውፍረቱ አይለዋወጥም። እዚህ ላይ በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል ብረቱ ተጨማድዷል፤ በውጪው በኩል የመዶሻ ጠፍጣፋ ምቶች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ግለት የበላው የብረት ቀለምም ከሌላው ይለያል። ወረቀት ተደርጎ በእርሳስ ሲታሽ በመቀርቀሪያው ላይ የወጣው ቁጥር ከበርሜሉ ቁጥር ጋር አልገጠመም፤ የፊደል ምልክቱም ሌላ ነው። ማለትም ከእግረኛ ውጅግራ የተወሰደ ቀጥ ያለ መቀርቀሪያ በአንጥረኛ እሳት ታጥፎ ለፈረሰኛው እንዲሆን ተደርጓል።

ውጭ አገር ላለ ሰብሳቢ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ቁጥሩ የገጠመና ያልገጠመ ጠመንጃ በአንድ ዓይን አይታይም። የአባትየው ወረቀት ግን ሌላ ብርሃን አመጣ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የበርሜሉ ሳይሆን የመቀርቀሪያው ነው። መዝጋቢው ጸሐፊ በቀላሉ የሚነበበውን ገልብጧል ማለት ነው። ስለዚህ መቀርቀሪያው ፈቃዱ በወጣበት ጊዜ እዚያው ነበር፤ ደላላ ወይም ነጋዴ በቅርብ የገጣጠመው አይደለም። ለኢትዮጵያ ታሪክ ሲታይ ይህ መቀርቀሪያ ጉድለት ከመሆን ይልቅ ማስረጃ ነው፦ መለዋወጫ ከፈረንሳይ በማይመጣበት አገር አንድ አንጥረኛ የፈረሰኛን ጠመንጃ ከጥቅም ውጪ እንዳይሆን አድርጎታል። በኦሪጅናል መቀርቀሪያ ልተካው የሚል ሰው ቢመጣ ያንን ማጥፋቱ ነው።

የአድዋው ወሬ

ደላላው ያለው አይሆንም። የጣልያን ጦር አድዋ ላይ በዋናነት የያዘው ቬተርሊ ቪታሊ የሚባለውን ጠመንጃ ነበር፤ ውጅግራ የኢትዮጵያውያኑ ነው። ይህ ጠመንጃ ከጣልያን ሊማረክ የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው። ወደ አድዋ ተይዞ ሊሄድ ግን ይችላል፤ ዓመቱ ይፈቅዳል። ይችላል ማለት ሄዷል ማለት አይደለም።

ከቤተሰቡ ውስጥ የሚያስታውሱ አንዲት አክስት ብቻ ቀርተዋል። ሲጠየቁ ስለ አድዋ ምንም አላሉም። ያሉት ይህን ነው፦ «አባባ እሷን በጥምቀት ብቻ ነው የሚያወጣት። ከአያቱ ነው ያገኛት። ማይጨው የያዘው ግን ሌላ ነበር፤ እሷማ ያኔም አርጅታለች።» ቃላቸው በስልክ ተቀርጾ፣ በወረቀት ተጽፎ፣ ቀኑ ተመልክቶበት ሁለት ምስክሮች ፈረሙበት። ጠመንጃው ላይ ካለው ሁሉ ጋር የሚስማማ ቃል ነው፤ ያልሆነውን አይጨምርም። አንድ ሰብሳቢ ወይም ሙዚየም ከደላላ ተረት ይልቅ እንዲህ ያለውን ይመርጣል።

የጥገናው ሥራ

ቅርስ ሊሆን የሚችል ዕቃ ላይ ጥገና ከመደረጉ በፊት ፈቃድ ማስፈለጉ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተቀመጠ ነው። ስለዚህ የተሠራው ዝገትን ማቆም ብቻ ነው።

ዝገቱ ሁለት ዓይነት ነበር። ጥቁር ቡናማው፣ የጠበቀውና የማይረግፈው ገጽ አልተነካም፤ ብረቱን የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀይ ብርቱካናማውና በጣት ሲነካ ዱቄት የሚተወው ግን እየሠራ ያለ ዝገት ነው። በእሱ ላይ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት በጥጥ ተቀብቶ ሁለት ቀን ቆየ። ከዚያ በአሮጌ የመዳብ ሳንቲም ጠርዝ ቀስ ተብሎ ተፋቀ። ሳንቲሙ ማግኔት የማይስበው መሆን አለበት፤ አዲሶቹ ውስጣቸው ብረት ስለሆነ ጠመንጃውን ይቧጭራሉ። መዳብ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ከሥሩ ያለውን አይጎዳም። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ተሞክሮ በነበረበት አንድ ቦታ ላይ የቀሩት የሚያብረቀርቁ ጭረቶች ለምን እንደማይሆን ያሳያሉ።

የመቀርቀሪያው ማቆሚያ ብሎን እንዲፈታ ተሞክሮ አልተሳካም። የዚያ ዘመን ብሎን ራስ ላይ ያለው ስንጥቅ ጠባብና ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፤ የዛሬ ካቻቢቴ ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ ከላይ ጠርዙን ብቻ ይዞ ይሰብረዋል። ጫፉ ለስንጥቁ ተሞርዶ እንኳ ብሎኑ አልነቃነቅ አለ። ተትቷል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ያልተፈታ ብሎን ነገም ይፈታል፣ ራሱ የተበላ ብሎን ግን አይጠገንም።

ቫርኒሹንም ማንሳት አልተቻለም። በሰደፉ ብረት ሥር በማይታይ ቦታ ላይ በአልኮል የራሰ ጥጥ ተሞከረ፤ ቢለቅ ኖሮ በስፒሪት የተበጠበጠ የድሮው ዓይነት ነው ማለት ይቻል ነበር። አልለቀቀም። ጠንካራ ማስለቀቂያ ከተቀባበት የቀረውንም የማኅተም ክብ ይዞ ይሄዳል። ክቡ ራሱ በባትሪ ብርሃን አግድም ሲታይ ይወጣል፤ በዚያው ብርሃን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ተነሣ።

የፍየል ቆዳው ተለይቶ ተቀመጠ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ናስ በነካበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። በአፈሙዙ የተወተፈ ጨርቅም ነበር፤ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ የሚደረግ ልማድ ነው፤ ግን እርጥበቱን ውስጥ ስለሚያፍን ከጨርቁ ሥር የዝገት ቀለበት ይተዋል። እዚህም ትቷል።

ሽያጩ ለምን ቀረ

ደላላው «ውጭ አገር እንዲህ ያለ ጠመንጃ መግዛት ነፃ ነው» ብሎም ነበር፤ ይህ በከፊል እውነት አለው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ ፈረንሳይም ከ1900 በፊት ላሉ ሞዴሎች በአብዛኛው የተለየ ሕግ አላት። ያ ግን እዚያ ላለ ገዢ ነው። ከሐዋሳ ለማውጣት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ መንገድ የለም፤ እዚህ ለማስተላለፍም የፖሊስ ፈቃድ ይጠየቃል። ደላላው ይህ ሲነገረው አልተመለሰም።

ዋጋውም ቢሆን ቤተሰቡ ያሰበውን ያህል አልነበረም። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት የአሜሪካ ገበያ ገብተዋል፤ የተጎሳቆለ ውጅግራ እዚያ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሚሆነው ያልተነካው ነው፤ ይህ ደግሞ ሰደፉ ተፍቋል።

ለአንድ ተቋም በአደራ የመስጠት ሐሳብም ነበር። ተቋሙ በደስታ ተቀብሎ ነበር፤ ነገር ግን የአደራ ውል በጽሑፍ ሲጠየቅ አላቀረበም። ቤተሰቡ ያለ ውል አልሰጠም። ይህን ማድረጋቸው ተገቢ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የተሰጠ ዕቃ ከአንድ ኃላፊ ለውጥ በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል።

በመጨረሻ ፈቃዱ በትልቁ ወንድም ስም ወጣ። አራቱም ልጆች ያለ አንዱ ስምምነት እንዳይተላለፍ የሚል ጽሑፍ ፈረሙ። ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤትም የፎቶውና የልኬቱ ቅጂ ለምዝገባ ተሰጠ።

ለሌሎች የሚጠቅመው

አሮጌ ጠመንጃ ያገኘ ቤተሰብ መጀመሪያ እንደጎረሰ ይቁጠረው። መቀርቀሪያው ካልተከፈተ የእንጨት ዘንጉ መልስ ይሰጣል፤ ልኬቱ ካጠረ ሥራው የፖሊስ ነው። ለፖሊስ በራስ ተነሳሽነት አስቀድሞ ማመልከት፣ ተይዞ ከመጠየቅ ጋር ፈጽሞ አንድ አይደለም።

ከመወልወል በፊት ፎቶ። ሁለቱም ጎን፣ ከላይ፣ ከታች፣ እያንዳንዱ ጽሑፍና ቁጥር በቅርበት፣ ማስመሪያ አብሮ። ባትሪው በአግድም ይብራ፤ ቀጥታ ብርሃን ጥልቀት የሌለውን ማኅተም ይደብቃል። ቁጥር በርሜሉ ላይ፣ መቀርቀሪያው ላይ፣ እንጨቱ ላይ ለየብቻ ይመዝገብ፤ የድሮ ወረቀት ካለ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ይታይ። አለመግጠሙም ይናገራል።

አጭር የሆነ ሁሉ የፈረሰኛ አይደለም። የበርሜል ርዝመት፣ የአፈሙዝ ውፍረት፣ የሳንጃ ጉጥ ቅሪት፣ የእጀታው አጠፋፍ አንድ ላይ መታየት አለባቸው። በሐዋሳው ጠመንጃ ሦስቱ የፈረሰኛ ነው አሉ፣ አራተኛው ሌላ ታሪክ ነገረ። አንዱን ብቻ ያየ ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ይሳሳት ነበር።

ለማስቀመጥ፦ በጥጥ ጨርቅ፣ በአግድም፣ ከሐይቁ በኩል ካለው ቀዝቃዛ ግድግዳ ርቆ። ፕላስቲክ አይሆንም፤ ሌሊት ሲበርድ ውስጡ ያልበዋል። ከጫማ ካርቶን የሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አብረው ይቀመጡ፣ በየጊዜው ይቀየሩ። ብረቱን በባዶ እጅ አለመንካት፤ ላብ ውስጥ ያለው ጨው የጣት አሻራውን በዝገት ይጽፈዋል። ክረምት ሲገባና ሲወጣ ተከፍቶ ይታይ፦ በብረቱ ቀይ ዱቄት፣ በእንጨቱ የነቀዝ ቀዳዳና ከሥሩ የወደቀ ብናኝ። ሰነዱ፣ የአክስትየው ቃልና ፎቶዎቹ በሌላ ቤት ሁለተኛ ቅጂ ይኑራቸው። ቤተሰቡ ቅጂውን አዲስ አበባ ባለችው እህት ዘንድ አስቀምጧል።